የመቅደስን ቅድስና መጠበቅ፦ የመጽሐፍ ቅዱስ በረኞች ሥርዓት በደሴና በኮምቦልቻ አጥቢያዎች እንዴት ይሠራበታል?

በመጽሐፍ ቅዱስ መቅደስን መጠበቅ ስም ተጽፎለት፣ ተራ ወጥቶለት፣ በር ተለይቶለት የሚሠራ ሥራ ነው። በ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26 በረኞቹ ሲመደቡ በምሥራቅ በር በየቀኑ 6፣ በሰሜን 4፣ በደቡብ 4፣ በዕቃ ቤቱ ሁለት ሁለት (በጠቅላላው 4)፣ በምዕራብ ደግሞ በመንገዱ 4 እና ፈርባር በተባለው ስፍራ 2 ሰዎች እንዲቆሙ ተደርጓል። ሲደመር 24 ነው። ማን የትኛውን በር እንደሚይዝ የወሰነው ዕጣ ነው፤ ታናሹም ታላቁም እኩል ተጣጣለ። ያን ቤት የጠበቀው የሕዝቡ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቁጥር መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። በመጽሐፉ ውስጥ መቅደሱን ካቃለሉት ሰዎች ብዙዎቹ የቤቱ ሰዎች ናቸው። እንግዳ እሳት ያቀረቡት ናዳብና አብዩድ የአሮን ልጆች ነበሩ። በመሥዋዕቱ ላይ የደፈሩት አፍኒንና ፊንሐስ የካህኑ የዔሊ ልጆች ነበሩ። ዕጣን ላጥን ብሎ የገባው ዖዝያን የይሁዳ ንጉሥ ነበር። የመቅደሱን ጓዳ ለጦብያ የለቀቀውም ካህኑ ኤልያሴብ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ የበሩ ጉዳይ ከዚያ ይከተላል። የተጻፈው በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ ሰበካ ጉባኤያት፣ ለቄሰ ገበዞችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነው። የወንጌል አማኞች አዳራሽ የሚያስተዳድሩም መቅደሱን ከሚመለከተው ክፍል በስተቀር አብዛኛውን ሊሠሩበት ይችላሉ።

ቦታውን በወረቀት ላይ አውጡት

የማደሪያው ድንኳን አደባባይ 100 ክንድ በ50 ክንድ ነበር (ዘጸ. 27፥18)። በውስጡ ቅድስት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ቅድስተ ቅዱሳን ነበረ። ከአደባባዩ ውጭ ሌዋውያን ዙሪያውን ሰፍረዋል፤ ጌድሶን በምዕራብ፣ ቀዓት በደቡብ፣ ሜራሪ በሰሜን፣ ሙሴና አሮን ከልጆቹ ጋር በመግቢያው ፊት በምሥራቅ (ዘኍ. 3)። ሕዝቡ ከእነርሱ ወዲያ ነበር። እያንዳንዱ ዙር የራሱ ጠባቂ ስላለው አንድ ሰው ሳይታይ ከሰፈር እስከ መጋረጃው ሊደርስ አይችልም።

በእኛ አጥቢያ ዙሮቹ የታወቁ ናቸው፤ ቅጽሩ፣ ዐውደ ምሕረቱ፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ። ቤተልሔሙን (የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት)፣ ዕቃ ቤቱን፣ የጠበሉን ቦታና የመቃብሩን ስፍራ ጨምራችሁ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሣሏቸው። በእያንዳንዱ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ማን ይገባል፣ ምን ይዞ ይገባል፣ ማን ይጠብቀዋል፣ በስንት ሰዓት ይዘጋል። ከአራቱ አንዱ ባዶ የቀረበት ቦታ ጥፋት የሚጀምርበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ባዶ ሆነው የሚገኙት ቤተልሔሙና ከሕንፃው ጀርባ ያለው መሬት ናቸው፤ የሁሉም ስለሆኑ የማንም አይሆኑም።

በጦሳ ተራራ ሥር ላሉት የደሴ አጥቢያዎች አንድ የተለየ ችግር አለ። ቅጽሩ ተዳፋት ላይ ስለሚሠራ በላይኛው በኩል ከውጭ ያለው አፈር በየክረምቱ እየተቆለለ ከግንቡ ጫፍ ይደርሳል። ከውስጥ ስታዩት ሁለት ሜትር የሚሆነው ግንብ ከውጭ ለሚመጣ ሰው እርከን ይሆንለታል። ስለዚህ ቁመቱን ከውጭ በኩል ለኩት። አፈሩን ጥረጉ፤ በግንቡ እግር ያሉት የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች እንዳልተደፈኑም ከሰኔ በፊት እዩ። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ውኃ ከኋላ ይገፋና ግንቡ በነሐሴ ይናዳል።

ተራ ማውጣት

የሌዋውያን በረኞች በየመንደራቸው የሚኖሩት ወንድሞቻቸው በየሰባቱ ቀን እየመጡ ያግዟቸው ነበር (1ኛ ዜና 9፥25)። ተረኛው የሚለወጠው በሰንበት ነው፤ ገቢውም ወጪውም በአንድ ላይ ይገኛሉ (2ኛ ዜና 23፥8)። ይህ ሁለተኛው ነገር በብዙ አጥቢያ የለም። ወጪው ጠባቂ ቁልፍ ለሰው ሰጥቶ ይሄዳል፣ ገቢው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ በመካከል ያለው ሦስትና አራት ሰዓት ባለቤት የለውም።

ሁለት በርና አንድ ሕንፃ ላለው መካከለኛ አጥቢያ የሚበቃው እንዲህ ነው። ቀን ላይ በየበሩ አንድ ሰው፣ በሕንፃው ደጅ አንድ ሰው። ሌሊት ሁለት ሰው፣ አንዱ ሲዞር አንዱ በር ላይ። በዓል ሲሆን ይህን እጥፍ አድርጉት። ደመወዝተኛው ዘበኛ አንድ ብቻ ከሆነ ቀሪውን ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከጽዋ ማኅበራትና ከአጥቢያው አባቶች በሳምንት ተራ ሙሉት። ቅዳሜ ማታ ከጸሎት በኋላ ወጪና ገቢ አብረው ቆመው ቁልፍ ይቆጥራሉ፣ በሮቹን ይዞራሉ፣ በመዝገቡ ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቀንና ሌሊት ብቻውን እንዲጠብቅ ማድረግ ግን ጥበቃ አይባልም። እንቅልፍ የማይጥለው ሰው የለም። ሚሽና የተባለው የአይሁድ ሕግ መዝገብ በኋለኛው ቤተ መቅደስ ሌሊት ሌሊት 24 የጥበቃ ቦታዎች እንደነበሩ ይናገራል፤ 3ቱ የካህናት፣ 21ዱ የሌዋውያን። አለቃቸው ችቦ አስይዞ ይዞር ነበር። ተነሥቶ «ሰላም ለአንተ ይሁን» ያላለው ጠባቂ እንደተኛ ይታወቅበታል፣ ይመታል፣ ልብሱንም ሊያቃጥሉበት ይችሉ ነበር። ከዚህ የምንወስደው ዱላውን ሳይሆን ዙረቱን ነው። በሌሊት ሁለት ጊዜ፣ በማይታወቅ ሰዓት፣ ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው ይምጣና ይጠይቃቸው። የደሴ ሌሊት ይበርዳል፤ ማረፊያ ጎጆ፣ ጋቢ፣ የእጅ ባትሪና ትኩስ ነገር ያልተሰጠው ጠባቂ ወደ ሞቀ ቦታ ቢሄድ አትፍረዱበት።

በሩ

እግዚአብሔር ሙሴን የቆመባት ስፍራ የተቀደሰች መሬት ናትና ጫማህን ከእግርህ አውጣ ብሎታል (ዘጸ. 3፥5)። ካህናቱም ወደ ድንኳኑ ሲገቡ እጃቸውንና እግራቸውን ከናስ ሰኑ ይታጠቡ ነበር (ዘጸ. 30፥19-20)። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ትእዛዝ በደሴ የየቀን ራስ ምታት ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ጃንጥላው እየተንጠባጠበ፣ ጫማው በፌስታል ተቋጥሮ ቅኔ ማኅሌት ይገባል። መፍትሔው የሚጀምረው ከደጃፉ ወደ ውጭ ነው። ከቅጽሩ በር እስከ ደጀ ሰላሙ ያለውን መንገድ ጠጠር አልብሱት። ከደረጃው በፊት የውኃ ቧንቧ ወይም በርሜል ከመቅጃ ጋር አስቀምጡ፤ ቀጥሎ ጭቃ መፋቂያ ብረት፣ ቀጥሎ ጆንያ። ጆንያው በቀን ሦስት ጊዜ ካልተለወጠ ራሱ ጭቃ ይሆናል። የጃንጥላ ማስቀመጫው ከጣሪያ በታች ግን ከሕንፃው ውጭ ይሁን። የጫማ መደርደሪያውን ተረኛው ከሚቆምበት ቦታ ፊት ለፊት አድርጉት፤ ሰው ጫማውን ይዞ የሚገባው ሌባ ፈርቶ ነው፣ የሚጠብቅለት ካየ ይተወዋል። በበዓል ቀን ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ሁለት ካርዶች አዘጋጁ፣ አንዱ ከጫማው ጋር፣ አንዱ በባለቤቱ እጅ።

ካህኑ ዮዳሄ በማናቸውም ነገር የረከሰ ሰው እንዳይገባ በረኞችን አቁሞ ነበር (2ኛ ዜና 23፥19)። ዛሬ የበረኛው ድርሻ በዓይን የሚታየው ነው፤ ስካር፣ ጠብ፣ ንግድ፣ ጩኸት፣ ጫማ። ስለ ሰው ገላና ስለ ኃጢአቱ መጠየቅ የንስሐ አባት ሥራ ነው። ወጣት ተረኛ እናቶችን በሰው ፊት «ጊዜሽ ደርሷል ወይ?» እያለ ሲጠይቅ ከተሰማ ያን ቀን ከበሩ አንሡትና ለብቻው ምከሩት። አለባበስም ቢሆን በለሆሳስ፣ በሴት ተረኛ በኩል ይነገር፤ ለዚህ ሦስት አራት ንጹሕ ነጠላ በበሩ ሳጥን ውስጥ ይኑር።

ሰክሮ የመጣን ሰው ሁለት ተረኞች አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ሆነው ወደ ውጭ ይምሩት፤ ድምፅ አያንሡ፣ አይግፉት። ከበሩ ውጭ አስቀምጡትና ቤተሰቡን አስጠሩ። ዮዳሄ ዙፋን የነጠቀችውን ንግሥት ጎቶልያን እንኳ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ እንዳትገድሏት ብሎ ወደ ውጭ አስወጥቷታል (2ኛ ዜና 23፥14)። ክርክር ከቅጽር ውጭ ይለቅ።

ድሆችን ከበር ማባረር ጽዳት አይደለም። ጴጥሮስና ዮሐንስ ሽባውን ያገኙት «መልካም» በምትባለው የመቅደስ በር ነው (ሐዋ. 3፥2)። ሁለት ሜትር የሚያህል መተላለፊያ ይለቀቅ፣ ከዚያ ወዲያ ይቀመጡ፤ ጥላ ቢሠራላቸው ይበልጥ ይገባል። ያዕቆብ ወርቅ ቀለበት ላደረገው «እዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ለድሀው «ወደዚያ ቁም» ማለትን በግልጽ ነቅፏል (ያዕ. 2፥2-4)። የመኪና ማቆሚያ ስታዘጋጁ ይህን አትርሱ፤ በክራንች ለሚሄድ ሰው ያልተከፈተ በር ለመኪና መከፈት የለበትም።

አቋራጭ መንገድን በተመለከተ ማርቆስ ብቻ የጻፈው አንድ ቃል አለ። ጌታ የለዋጮችን ገበታ ከገለበጠ በኋላ ማንም ዕቃ ተሸክሞ በመቅደስ ሊያልፍ አልፈቀደም (ማር. 11፥16)። ሰዉ ዙሪያ ላለመሄድ በአደባባዩ ይሻገር ነበር። ደሴ ቁልቁለትና ዳገት ስለሆነች ይህ ነገር በየአጥቢያው አለ፤ ከላይኛው ሰፈር ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ የገበያው ቀን ሰኞ ሲሆን ደግሞ ከነሸክሙ። ተቆጥታችሁ በሩን ብትዘጉ ግንቡን ይዘላል። መጀመሪያ ከቅጽሩ ውጭ ያለውን ዙሪያ መንገድ ከቀበሌው ጋር ሆናችሁ አስተካክሉ፤ ቦይ ይቀደድለት፣ ድንጋይ ይነጠፍ፣ መብራት ይግባለት። ከዚያ የታችኛውን በር ከጸሎት ሰዓት ውጭ ዝጉ። ይህን ቅደም ተከተል ብትገለብጡ ከሰፈሩ ጋር ትጣላላችሁ። ጧፍና ዕጣን የሚሸጡትም ከበሩ ውጭ በአንድ በኩል ተሰልፈው ይቀመጡ፤ ቅዳሴ ሲጀመር ደንበኛ መጥራት ያቁሙ።

በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይገኛል። ለቀብር፣ ለክርስትና፣ ለሠርግ የሚመጣ ሙስሊም ዘመድና ጎረቤት በበሩ ላይ ግራ እንዳይጋባ ተረኛው ሄዶ ይቀበለው፣ በዐውደ ምሕረቱ የተዘጋጀ መቀመጫ ያሳየው። ሰሎሞን ቤቱን ሲመርቅ ከሩቅ አገር ለሚመጣው እንግዳም ጸልዮአል (1ኛ ነገ. 8፥41-43)።

የሚቆጠር ነገር ሁሉ ይቆጠር

በ1ኛ ዜና መዋዕል 9፥28 ላይ በማገልገያው ዕቃ ላይ የተሾሙት ሲያስገቡም ሲያስወጡም በቁጥር ነበር ይላል። ጠዋት የወጣው ማታ ሲመለስ ይቆጠራል፤ ከዚህ የተሻለ የንዋያተ ቅድሳት መመሪያ እስካሁን አልተጻፈም።

መዝገቡ እንዲህ ይዘጋጅ። ለእያንዳንዱ ንዋይ አንድ መስመር፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ ርዝመትና ወርድ በሴንቲ ሜትር፣ ክብደት፣ መለያው (ስንጥቅ፣ የተጠገነ ቦታ፣ ጽሑፍ)፣ ማን እንደሰጠው፣ የት እንደሚቀመጥ። «አንድ የብር መስቀል» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅም፤ ዕቃው ጠፍቶ በሌላ ቦታ ቢገኝ የእናንተ መሆኑን የምታስረዱት በስንጥቁና በመለኪያው ነው። ከፊት፣ ከኋላና መለያው ካለበት በኩል ፎቶ አንሡ፤ ከጎኑ ማስመሪያ ይኑር። የብራና መጻሕፍትን ቅጠል ቁጠሩ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሡ። መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በዕቃ ቤት፣ አንዱ በሰበካ ጉባኤ፣ አንዱ በወረዳ ቤተ ክህነት። ፎቶዎቹ በስልክ እየተላኩ አይዙሩ፤ ለሌባ ዝርዝር ማቅረብ ይሆናል። ታቦት አይመዘንም፣ ፎቶም አይነሣም፤ እርሱ በካህናቱ ብቻ የሚታወቅ ነው።

ዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይኑረው፤ አንዱ በቄሰ ገበዙ፣ ሌላው በንብረት ኃላፊው። አንዱ ለብቻው ሊከፍት አይችል። «እምነት የለም ወይ?» የሚል ሰው ይነሣል። ሁለት ቁልፍ ታማኙን ሰው ከሐሜት ያድነዋል፤ ነህምያ በዕቃ ቤቶቹ ላይ አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ሌዋዊና አንድ ረዳት አብሮ የሾመው ታማኝ ሆነው የተቆጠሩ ሰዎችን ነው (ነህ. 13፥13)። ታማኝም ሆነው አራት ነበሩ።

ሙዳየ ምጽዋትም ከዚሁ ነው። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ካህናቱ ገንዘቡን በየግላቸው ይቀበሉ ነበርና እስከ 23ኛው የንግሥ ዓመት ድረስ የቤቱ ንቃቃት አልታደሰም። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ መክደኛውን ነደለው፣ ከመግቢያው በስተቀኝ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው እየመጡ ቆጠሩት፤ ገንዘቡም ለአናጺዎች፣ ለግንበኞችና ለድንጋይ ጠራቢዎች ተከፈለ (2ኛ ነገ. 12)። እናንተም በሦስት ሰው ፊት ክፈቱ፣ በጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ፣ ድምሩን በቃልና በአኃዝ ጻፉ፣ ተፈራረሙ፤ በማግሥቱ ጠዋት ባንክ ይግባ። ሌሊቱን በሰው ቤት ያደረ ገንዘብ ባይጎድልም ወሬ ይወልዳል። ለጣሪያ የተሰበሰበው ለጣሪያ መዋሉን በየሦስት ወሩ ለምእመናን ንገሩ፤ ኢዮአስ ያረመው ይህንኑ ነው።

እሳት፣ ዕጣን፣ አመድ

ናዳብና አብዩድ በየጥናቸው ያልታዘዘ እሳት አቀረቡ፣ ሞቱም። ወዲያው ከዚያ በኋላ የመጣው ትእዛዝ ወደ ድንኳኑ ስትገቡ የወይን ጠጅና የሚያሰክር አትጠጡ፣ የተቀደሰውን ካልተቀደሰው ለዩ የሚል ነው (ዘሌ. 10፥1-10)። ተረኛ በማኅበር ዝክር ጠላ ጠጥቶ ቁልፍ አይያዝ፤ ዝክሩ ካለ ተራውን ይለውጥ።

የዕጣኑ ቅመም በኦሪት በእኩል ሚዛን ተሠርቶ ለእግዚአብሔር ብቻ ይሆን ነበር፤ ለራሱ ሽታ የሚሠራ ይጠፋ ነበር (ዘጸ. 30፥34-38)። የቤተ ክርስቲያኑን ዕጣን ለቡና አታውጡ፤ ለቡና የመጣውንም ወደ ጽና (ወደ ማጠኛው ዕቃ) አታግቡ። በክዳን ዕቃ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የረጠበ ዕጣን እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሲጤስም ያስላል።

ፍሙ ከውጭ ይቀጣጠል፣ ጭሱ አልቆ ሲቀላ ብቻ ወደ ጽናው ይግባ። በቤተልሔም ወይም በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል፤ የሚገድለው አየር አይታይም፣ አይሸትም። መስኮቱን ክፈቱ፣ ከሰል አጠገብ የሚተኛ አይኑር። አመዱን በተመለከተ ዘሌዋውያን 6፥10-11 በጥንቃቄ የተጻፈ ሥርዓት አለው፤ ካህኑ የተልባ እግር ልብስ ለብሶ አመዱን ከመሠዊያው አንሥቶ በአጠገቡ ያኖራል፣ ከዚያ ልብሱን ለውጦ ከሰፈር ውጭ ወደ ንጹሕ ስፍራ ያወጣዋል። በሁለት ጊዜ፣ ወደ ንጹሕ ቦታ። የጽናው አመድ ከቆሻሻ ጋር በጆንያ ሲጣል ነውርም አደጋም ነው፤ በአመድ ውስጥ የተደበቀ ፍም ጆንያውን ሌሊት ያነድደዋል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይደር፣ ከዚያ ሰው በማይረግጠው በተከለለ ጉድጓድ ይፍሰስ።

ጧፍ በግድግዳና በመጋረጃ አጠገብ አይለጠፍ። ሦስት ጣት ያህል አሸዋ የሞላ የብረት ገበቴ ከመጋረጃ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ተረኛው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ምንጣፉን በእጁ እየዳሰሰ ይይ። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በሁለቱም በር ይኑር፣ የመለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታይ።

የጦብያ ጓዳ

ነህምያ ወደ ንጉሡ በሄደበት ጊዜ ኤልያሴብ ለወዳጁ ለጦብያ የእህሉ ቍርባን፣ ዕጣኑና ዕቃው የሚቀመጥበትን ታላቅ ጓዳ አዘጋጀለት (ነህ. 13፥4-9)። ኃላፊው በሌለበት፣ በዝምድና፣ ያለ ጽሑፍ፤ ዛሬም እንዲሁ ነው የሚሆነው። «ለጊዜው ዕቃዬን ላስቀምጥ» ያለ ሰው ሦስት ዓመት ይቆያል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል የአንድ ነጋዴ መጋዘን ይሆናል፤ ከበሮና መቋሚያው ዝናብ ወደሚያፈስስበት ጥግ ይወጣል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጥርና ሐምሌ ላይ፣ በቅጽሩ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ ቁልፍ ይዛችሁ ክፈቱ። በእያንዳንዱ በር ላይ ጻፉ፦ ምን አለበት፣ የማን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን ፈቃድ፣ እስከ መቼ። ፈቃድ ያልተገኘለት ነገር ካለ ባለቤቱ በ15 ቀን እንዲያነሣ በጽሑፍ ይነገረው። ነህምያ ያደረገው ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃውን አወጣ፣ ጓዳዎቹን አነጻ፣ የመቅደሱን ዕቃ መልሶ አገባ። ሦስተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ባዶ የቀረ ክፍል በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ጦብያ ያገኛል። የሚከራዩ ሱቆች ካሉም መጠጥ ቤትና ጭፈራ ያለበት ንግድ እንዳይሆኑ በውሉ ላይ ይግባ፤ ከውሉ ውጭ በቃል የሚነገር ነገር በፍርድ ቤት አይረዳም።

እርጥበት፣ ምስጥ፣ ጥገና

ዘሌዋውያን 14 ስለ መኖሪያ ቤት ግድግዳ ደዌ ሲናገር ካህኑ ከማየቱ በፊት ቤቱ ባዶ እንዲደረግ፣ ከዚያ 7 ቀን እንዲዘጋ፣ ተመልሶ እንዲታይ፣ ከሰፋ ድንጋዩ ወጥቶ ግድግዳው ተፍቆ በሌላ ጭቃ እንዲመረግ ያዝዛል። አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ጉድጓድ ነው የሚለው። ይህ ስለ ቤት የተሰጠ ሕግ ነው፤ ሆኖም በክረምት የደሴ ሕንፃ ላይ ለሚወጣው ሻጋታ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። አስቀድሞ ዕቃ አውጡ፣ ምንጩን (የሚያፈስስ አሸንዳ፣ ከግድግዳው በላይ የተቆለለ አፈር) አድርቁ፣ ጠብቁና እዩ፣ ከዚያ ልስኑን ፍቁ። በሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ለጥምቀት እንዲያምር ያደርጋል እንጂ ለፋሲካ ተመልሶ ይወጣል። ልብሰ ተክህኖ በፌስታል አይታጠፍ፤ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን በጥላ ይናፈስ። ብራና ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይኮማተራል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ እዚያ የሚያስቸግረው ምስጥ ነው። ሣጥንና መደርደሪያ በብረት እግር ይቁም፣ ከግድግዳ ይራቅ፤ በየወሩ ከጀርባው ያለውን የአፈር መስመር ፈልጉ።

ጥገና ሲመጣ የዘኍልቍ 4 ሥርዓት ይሠራል። አሮንና ልጆቹ ሁሉንም ከሸፈኑ በኋላ ብቻ ቀዓታውያን ለመሸከም ይገቡ ነበር። ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት ካህናቱ ታቦቱን ወደ ተዘጋጀ ቦታ ያወጣሉ፣ የቀረውን ይሸፍናሉ። ዖዛ የሞተው በቸልተኝነት ላይ በተጨመረ ችኮላ ነው፤ በመሎጊያ በሌዋውያን ትከሻ መሄድ የነበረበት ታቦት በአዲስ ሰረገላ ተጫነ፣ በሬዎቹ ሲፋንኑ ዖዛ እጁን ዘርግቶ ታቦቱን ያዘ። ዳዊት በኋላ ስሕተቱ የት እንደነበር ለይቶ ተናግሯል (1ኛ ዜና 15፥13)። በሰሎሞን ግንባታ ድንጋዩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለመጣ የመዶሻ ድምፅ በቤቱ አልተሰማም (1ኛ ነገ. 6፥7)፤ ቆርቆሮና ብረት ከቅጽር ውጭ ይቆረጥ።

መጸዳጃ በኦሪት ከሰፈር ውጭ፣ በመቆፈሪያ እየተከደነ ነበር (ዘዳ. 23፥12-14)። ከጠበሉ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ሁልጊዜም ከምንጩ በታች ይሁን፤ በተዳፋት ላይ ከምንጩ በላይ የተቆፈረ ጉድጓድ 50 ሜትር ቢርቅም ወደ ጠበሉ ይወርዳል።

የግሸን ሰሞን

መስከረም 21 ለግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ የሚሄደው ሕዝብ በደሴ ያልፋል፤ ብዙውም በየአጥቢያው ቅጽር ያድራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን ቤት ያነጻው በመጀመሪያው ወር ከ1 እስከ 16 ባሉት ቀናት ነው፤ በ8ኛው ቀን በመግቢያው ፊት እስካለው ወለል ደረሱ፣ በሌላ 8 ቀን ቤቱን ፈጸሙ። ካህናቱ ከውስጥ ያወጡትን ሌዋውያን ተቀብለው ወደ ቄድሮን ወሰዱት (2ኛ ዜና 29፥16-17)። የመጀመሪያ ወራቸው ከእኛ ይለያል፣ የሥራው መጠን ግን ከእንቁጣጣሽ እስከ ደመራ ካለው ጊዜ ጋር ልክ ነው። እስከ መስከረም 8 ቅጽሩን፣ ቦዩንና መጸዳጃውን፤ ከ9 እስከ 16 ሕንፃውን። ለ50 አዳሪ ቢያንስ አንድ መጸዳጃ፣ ለወንድና ለሴት ተለይቶ። ማደሪያው ከዐውደ ምሕረቱ ይራቅ፣ ምድጃው በአንድ ጥግ ይሁን፣ ቆሻሻው በየማታው ይውጣ።

አንድ ነገር ጠፋ ወይም ተደፈረ ሲባል

በኢየሩሳሌም መቅደስ ከአጥሩ ወዲያ የሚገባ የውጭ ሰው ለሞቱ ራሱ ኃላፊ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ የግሪክኛ ጽሑፍ በ1871 (እ.ኤ.አ.) ተገኝቷል። በዚህ ሕግ ምክንያት ጳውሎስ ሊገደል ነበር። ከሳሾቹ ኤፌሶናዊውን ጥሮፊሞስን ከእርሱ ጋር በከተማ አይተውት ነበር፤ ወደ መቅደስም ያገባው መሰላቸው (ሐዋ. 21፥28-29)። መሰላቸው ብቻ። ከተማው ሁሉ ታወከ።

በደሴና በኮምቦልቻ ሁለት ሃይማኖት ግድግዳ ለግድግዳ ይኖራል፤ ያልተጣራ ጩኸት ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ዕቃ ጠፋ ከተባለ ደወል አትደውሉ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ አትጻፉ። ሁለቱ ባለቁልፎች መዝገቡን ይዘው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ «የጠፋው» ለሌላ አጥቢያ በዓል ተውሶ የሄደ ይሆናል። በእርግጥ ከጠፋ በሩንና መስኮቱን ሳትነኩ ለፖሊስና ለወረዳ ቤተ ክህነት መለያውንና ፎቶውን ስጡ። የአጎራባች መስጊድ ኮሚቴና የእድሩ ዳኛ ስልክ በተረኛው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ይጻፍ፤ ወሬው ሳይደርሳቸው እናንተ ንገሯቸው። ዕቃው ከተገኘ በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ መገኘቱን ለሕዝቡ አሳውቁ፤ በከንቱ የተጠረጠረ ሰው ካለም በዚያው ጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቁት።